ሒሳቡ ትንሽ ይቆይ

"ላ ኩዌንታ፣ ፖር ፋቮር!" አለ ካሳዬ፣ እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ።

ደምመላሽ ክንዱን አፈፍ አድርጎ አወረደው። "ገና ነው እኮ! ምን አስቸኮለህ? ቡናም አልጠጣንም።"

ካሳዬ ክንዱ እንደተያዘ ወዳጁን ትክ ብሎ አየው። "አንተ ሰውዬ፣ ጤናህ ነው? ሒሳብ ቀድሞኝ ካልጠራ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው፣ ዛሬ እኔ ስጠራ እጄን ይይዛል?"

"ሴኞራ አልሰማችህም፤ ተወው።"

"ከእኛና ከእነዚያ ሁለት አሮጊቶች በቀር ሰው በሌለበት ቤት እንዴት ነው ያልሰማችኝ? ያውና፣ እየሣቀች ነው።"

ሴትየዋ እውነትም እየሣቀች ነበር። ቺሌያዊት ናት፤ በስቶክሆልም ዳርቻ፣ ሃሉንዳ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ ይህችን ጠባብ ምግብ ቤት ከከፈተች ቆይታለች። ስሟን ጠይቀዋት አያውቁም፣ ሴኞራ ነው የሚሏት። ለእነሱ ስትል የኩባ ዓይነት ጥቁር ባቄላ በሩዝ ትሠራለች፤ ዓርብ ዓርብ ሥጋ እንደማያዙም ለምዳዋለች። ሁለቱ ሒሳብ ለመጥራት ሲሽቀዳደሙ ማየት ደግሞ መዝናኛዋ ነው።

ሕጉ የራሳቸው ሕግ ነው። ሒሳቡን በስፓኒሽ ቀድሞ የጠራ ይከፍላል፣ ሌላው ኪሱን መንካት አይችልም። አበሻ ሁሉ ሒሳብ ሲመጣ "ሙት፣ እኔ ነኝ!" እየተባባለ እጅ ለእጅ ተያይዞ አስተናጋጁን መከራ ያሳያል፤ እነሱ ግን ግብግቡን በአፍ አድርገውታል። አባቶቻቸው በኦጋዴን ጦርነት አልቀው መንግሥት ሰብስቦ በመርከብ ኩባ ከላካቸው ልጆች መካከል ነበሩ። ካሳዬ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር፣ ደምመላሽ ደግሞ አሥር። እዚያው አደጉ፣ እዚያው ድምፃቸው ጎረነነ፣ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። የመጀመሪያዋን የኪስ ገንዘብ ይዘው አይስክሬም ቤት የገቡ ቀን ካሳዬ "ላ ኩዌንታ!" ብሎ ሲጮህ ሰው ሁሉ ዞሮ አይቶት ነበር። ምን ያድርግ! እስከዚያ ቀን የበላውን ሁሉ የበላው ትሪ ይዞ ተሰልፎ ነው። ሒሳብ የሚጠራ ሰው ትልቅ ሰው መስሎት ነበር። ስቶክሆልም ከመጡ በኋላም ስዊድንኛው ለሥራ፣ አማርኛው ለቤትና ለማኅበር ሆነ፤ ስፓኒሹን ለዚህች ለዓርብ ምሳ አስቀሩት።

ዛሬ ግን ሒሳቡ ከመጣ ጉድ ነው። ሒሳቡ ከመጣ ካሳዬ ይነሳል። ከተነሳ ቮርቢ ጎርድ ቤቱ ይገባል። ቤቱ ከገባ የሚስቱን የትርሓስን ስልክ ይቀማና ለእህቱ ለሸዋሉል ይደውላል፤ ዓርብ ነዋ! ሸዋሉል ደግሞ ረቡዕ ዕለት ሞታለች።

ይህን ያላወቀ አበሻ እዚህ አካባቢ የለም፣ ከካሳዬ በቀር። ትናንት አመሻሹ ላይ የእድሩ ሰዎች በከተማው ሌላ ጫፍ፣ አካላ በሚባለው ሰፈር፣ ጋሽ ዕንባቆም ቤት ተሰብስበው ነበር። ጋሽ ዕንባቆም የእድሩ ሰብሳቢ ናቸው፤ ስንቱን ቀብረዋል፣ ስንቱን አርድተዋል፣ ክፉ ሰውም አይደሉም። "ልቡን የታከመው አምና ነው" አሉ። "በሥራ ቀን ማን ከጎኑ ይቀመጣል? ቅዳሜ ሲነጋ ሰው ሁሉ ይመጣል፤ ነርሶችም አሉን፤ እንደ ወጉ ይረዳል።" ሰዉም ልክ ነው አለ።

የካሳዬ ልጅ ፌበን ብቻ ናት የተናገረችው። አማርኛውን አሳምራ ትሰማለች፣ መልሷ ግን በስዊድንኛ ነው። "ቀብሩስ?" አለች። "የአክስቴ ልጅ ከቤይሩት እስክትገባ ተብሎ ነው እኮ ለቅዳሜ ከሰዓት የቆየው። ዛሬ ከነገርነው ነገ ማታ ይበርና ይደርሳል። ቅዳሜ ጠዋት ከነገርነው ግን አልቋል። እህቱ አይደለችም እንዴ?"

"ልጄ፣ አውሮፕላን ላይ ልቡ ቢቆምስ?" አሏት ጋሽ ዕንባቆም፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ፌበን እናቷን አየች። ትርሓስ አቀርቅራ ምንጣፉን ታያለች። ደምመላሽም ምንጣፉን ነበር የሚያየው፤ ይባስ ብሎ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። እሱም ፈርቷል፤ ካሳዬ አምና ሆስፒታል አልጋ ላይ ወረቀት መስሎ ሲያየው የፈራው ፍርሃት እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። ከዚያ በኋላ ሥራው ለእሱ ተሰጠ። "አንተ ወንድሙ ነህ። ነገ አብላልን፣ አውለው፣ ከስልክ ጠብቅልን" አሉት። ባዶ ሆድ መርዶ አይነገርማ! የካሳዬን ስልክ ትርሓስ "መስታወቱ ይቀየርልህ" ብላ ደብቃዋለች። ደምመላሽ የአውቶብስ ፈረቃውን ከሌላ ሹፌር ጋር ተለዋውጦ፣ ይኸው የሸዋሉልን መርዶ በሆዱ ይዞ ሩዝ ይበላል።

ይበላል ማለት እንኳ አይቻልም፤ ሩዙን በሹካ ከዳር ዳር ይገፋዋል።

"ምን ሆነህ ነው ሳህኑን የምትጎረጉረው?" አለ ካሳዬ። "ሴትዮዋ ከቤት አባረረችህ እንዴ?"

"ጨጓራዬን አሞኛል።"

"የትኛው ጨጓራ? ኩባ ያንን የድንጋይ ብስኩት ሲፈጭ የኖረው? በል እሺ፣ አንተ ካልበላህ እኔ እበላልሃለሁ።" የደምመላሽን ሳህን ወደ ራሱ ሳበና የተረፈውን የተጠበሰ ሙዝ ጎረሰ። ልቡን ከታከመ ወዲህ ከትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሥራው በሕመም ፈቃድ ቀርቶ ቤት ነው የሚውለው፤ ሰው ሲያገኝ ወሬውም የምግብ ፍላጎቱም ይከፈታል። "ቶሎ በል እባክህ። ሸዋዬ ትጠብቀኛለች። ዓርብ ካልደወልኩላት ምን እንደምትለኝ ታውቃለህ? 'ሞተህ ነው እንዴ አንተ?' ብላ ነው የምታነሳው።"

ደምመላሽ ውኃ አነሳ። ትን አለውና ሳለ።

"ኧረ ቀስ! ውኃ ነው እኮ!"

"ቡና እንጠጣ" አለ ደምመላሽ። "ደግሞ ምን አስቸኮለህ፣ ገና ነው። ምናልባት ገበያ ሄዳ ይሆናል።"

"ሸዋሉል? ዓርብ በዚህ ሰዓት? ስልኩን ታቅፋ ነው የምትቀመጠው።" ካሳዬ ወንበሩን ደገፍ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ምሥጢር ሊያወራ ሲል እንዲያ ነው። "ላንተ ልንገርህ፣ ለትርሓስ እንኳ አልነገርኳትም። ለገና እሄዳለሁ። ሐኪሙ ትችላለህ ብሎኛል። ለሸዋዬም አልናገርም፤ ሳታስበው በር ላይ ድንቅር ነው የምልባት።"

"ትደነግጣለች" አለ ደምመላሽ።

"ትደንግጥ! እሷ እኔን ምን እንዳደረገችኝ ታውቅ የለም?"

ደምመላሽ ያውቃል፤ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። ውጪ ኅዳር ነው፤ ገና ከምሳ ሰዓት ሳያልፍ መሸትሸት ብሏል፣ ካፊያው መስኮቱን ያረጥበዋል።

"አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር" አለ ካሳዬ። "እናታችን አልጋ ላይ ናት፤ የቤቱ ትልቅ ሰው እሷ ሆነች። ጠዋት ቀስቅሳኝ ፊቴን አጠበችኝ። 'ከተማ ሄደህ ጫማ ይለኩልሃል፣ ማታ ትመለሳለህ' አለችኝና መኪናው ላይ ሰቀለችኝ። ጫማ ብላኝ! እኔ ሞኙ በጫማው ደስ ብሎኝ ከልጆቹ ጋር እንቀልዳለን፤ ዞር ብዬ እንኳ አላየኋትም። ከዚያ አሰብ፣ ከአሰብ መርከብ፣ ከመርከብ ኩባ። አሥራ አራት ዓመት!"

"ልጅ ነበረች እኮ። እንዳታለቅስ ብላ ነው።"

"አውቃለሁ፣ ለእኔ ብላ ነው። መቼ ተቀየምኳት? የሷን ያህል የሚወደኝ ሰው የለም።" በሹካው ጫፍ ባዶውን ሳህን መታ መታ አደረገ። "ብትነግረኝ አለቅስ ነበር፣ እሪ ብዬ። ግን ደሜ፣ በደንብ አያት ነበር። ኩባ ሌሊት ተኝቼ መልኳን ላስታውስ ስታገል አይመጣልኝም። ስመለስ የጠበቀችኝ ትልቅ ሴት ናት፣ ያቺን ልጅ አላገኘኋትም። ለእኔ ብላ ነው፤ ግን ወሰደችብኝ።"

ደምመላሽ ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻለም። "ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ" ብሎ ተነሳ። እግሩ ግን ወደ ባንኮኒው ነው የወሰደው። ሴኞራ ሒሳቡን በትንሽ ሳህን ላይ አድርጋ ልትወጣ ነበር።

"ሒሳቡ ትንሽ ይቆይ" አላት በስፓኒሽ።

"እንዴ! ጓደኛህ ጠራኝ እኮ። ዛሬ ተሸነፍክ፣ እመን!"

"እህቱ ሞታለች፤ እሱ አያውቅም።"

እንዲሁ ሳያስበው አፉ ላይ መጣና ወጣ። ከረቡዕ ጀምሮ በአማርኛ ይህን ቃል ያወጣ የለም። "ያ ነገር" ይባላል፤ "የካሳዬ ጉዳይ" ይባላል፤ ሰው ሁሉ እንደ ጋለ ድስት በጨርቅ ነው የሚይዘው። ለማትዘመደው ለዚህች ሴት ግን በሰከንድ ተናገረው። ባንኮኒውን ተደገፈ።

ሴኞራ ሳህኑን አስቀመጠች። አሻግራ ካሳዬን አየችው፤ እያንጎራጎረ የሩዙን ፍርፋሪ በዳቦ ይጠርጋል። "እና አንተ ምሳ ጋበዝከው?" አለችው። የፌዝ አልነበረም፣ መጠየቋ ነው።

"እኛ ጋ ልማድ ነው። ሰው ሳይበላ አይነገረውም።"

"በልቷል እኮ" አለች ሴኞራ። "ያንተንም በልቷል።"

ይኼኔ ደምመላሽ ኪስ ውስጥ ስልክ ተንቀጠቀጠ። ጋሽ ዕንባቆም ናቸው። ወደ ሽንት ቤቱ ኮሪደር ገብቶ አነሳው።

"እንዴት ነው ልጄ? ደህና ዋለ?"

"ደህና ነው ጋሼ። በልቷል።"

"እሰይ፣ ተባረክ። በል አደራህን፣ ወደ ማምሻው ቤቱ አድርሰውና ትርሓስ ቶሎ ታስተኛዋለች። ሲነጋ እንመጣለን፤ ሰዉ ሁሉ ተነግሮታል።"

"ጋሼ... አውሮፕላኑ ማታ ነው። አሁንም ይደርሳል።"

"ተነጋግረን የጨረስነውን ነገር አታምጣ እንጂ፣ ደምመላሽ። አንተም እሺ ብለሃል። አንድ ነገር ቢሆን ለሚስቱ ምን ትላታለህ? እድሩስ ምን ይልሃል?"

"እሺ ጋሼ" አለ ደምመላሽ። ስልኩ ተዘጋ። እሺ ማለቱ አንገበገበው፤ ሃምሳ ሰባት ዓመት ሞልቶት አሁንም እንደ ተማሪ ነው "እሺ ጋሼ" የሚለው። ለሚስቱ ምን ትላታለህ? ይህ ግን እውነት ነው። ለትርሓስ ደወለላት።

"ወዬ ደሜ! ምን ሆነ? ነገርከው?" አለች ገና ሳይናገር።

"አልነገርኩትም። ትርሓስ፣ እኔ... ዛሬ ብነግረውስ ብዬ ነው። ልቡን ፈራሁ እንጂ።"

ትርሓስ ማልቀስ ጀመረች። "ሻንጣው ተዘጋጅቷል፤ የፌበንም የሱም። ፌበን ትኬቱን ትናንት ከአካላ እንደተመለስን ቆርጣዋለች። ሐኪሙንም ጠይቃዋለች፤ መድኃኒቱን ይዞ ሰው አብሮት ከሆነ ይሂድ ብሏታል። የሚነግረው ነው ያጣነው።"

"ታዲያ ለምን አልደወላችሁልኝም?"

"ራስህን ነቀነቅክ እኮ ደሜ! አይቼሃለሁ።" ንፍጧን ስትጠርግ ተሰማው። "እኔ አፌ እምቢ አለኝ። ሁለት ሌሊት አብሬው ተኝቼ ጀርባዬን ስሰጠው ነው ያደርኩት። በናትህ፣ አንተ ንገረው። ፌበን ሻንጣውን ይዛ አርላንዳ ኤርፖርት ትቀድማችኋለች።"

ደምመላሽ ፊቱን በቀዝቃዛ ውኃ ታጠበ። መስታወት ውስጥ ያለውን ሰውዬ ማየት አልፈለገም። ከኮሪደሩ ሲወጣ ሴኞራ ዓይኑን አየችና ምንም ሳትጠይቅ ሬዲዮኑን ዘጋችው። ከዚያም ሒሳቡን ይዛ ከኋላው መጣች።

ካሳዬ ከሩቅ ጣቱን ቀሰረበት። "ሌባ! ተደብቀህ ከፍለህ ነው አይደል? ኤርማኖ፣ ወንድሜ፣ አይሠራም! ቀድሜ ጠርቻለሁ!"

ደምመላሽ ፊት ለፊት አልተቀመጠም። ወንበሩን አንስቶ አዞረና ከካሳዬ ጎን፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀመጠ። ግራ እጁን ጀርባው ላይ አደረገ።

ካሳዬ ሣቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ወንበሩን አየ። ጀርባው ላይ ያረፈውን እጅ ወደ ኋላ ዞሮ አየ። እሱም ስንት ቤት ንጋት ላይ ከሽማግሌዎች ጋር ገብቶ፣ ከስንቱ ሰው ጎን እንዲሁ ተቀምጦ፣ ስንቱን እንዲሁ ይዟል።

"ማን ነው?" አለ።

"ካሳ..."

"ማን ነው አልኩህ?"

"ሸዋሉል ናት። ረቡዕ ዕለት። ጠዋት ሳትነሳ ቀረች።"

ካሳዬ አልጮኸም። አፉን ከፍቶ አየር የሚስብ ይመስላል፤ አየሩ ግን አይገባለትም። ደምመላሽ በቀኝ እጁ ደረቱን ደገፈው፤ ከጨርቁ ሥር የልቡን ምት እየሰማ፣ አምላኬ፣ አምላኬ፣ አትውሰድብኝ፣ ይላል በሆዱ። በሕይወቱ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም።

"ቀበሯት?" አለ ካሳዬ በመጨረሻ።

"አልቀበሯትም። ነገ ከሰዓት ነው። ማታ አውሮፕላን አለ፤ ጠዋት አዲስ አበባ ትገባለህ። ፌበን አብራህ ናት፣ ሻንጣህን ይዛ አርላንዳ ትጠብቅሃለች።"

"ረቡዕ" አለ ካሳዬ። "ዛሬ ዓርብ ነው።"

"አዎ።"

"ሁላችሁም?"

"ሁላችንም። እኔም።"

ካሳዬ ጀርባው ላይ ያለውን እጅ ሊያራግፍ ትከሻውን አወዛወዘ። ደምመላሽ አልለቀቀውም። ሁለተኛ ሲያወዛውዝ ጉልበቱ አለቀና ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ ደፋ፤ ያኔ ነው ልቅሶው የመጣው፣ "ሸዋዬ፣ ሸዋዬ" እያለ፣ ሁለቱ አሮጊቶች ማንኪያቸውን አስቀምጠው እስኪያዩት። ሴኞራ የሒሳቡን ወረቀት እጇ ውስጥ ጨብጣ "ይቅር" ስትል ምልክት ሰጠች። ካሳዬ ግን አይቷታል። ቀና ብሎ፣ ፊቱን ሳይጠርግ፣ ካርዱን ከቦርሳው መዥረጥ አደረገ።

"እኔ ነኝ የጠራሁት" አላት በስፓኒሽ።

የምሥጢር ቁጥሩን አንዴ ሳተ። ደምመላሽ ኪሱን አልነካም። ካሳዬ ደግሞ ሞከረና ተከፈለ።

ሃሉንዳ ጣቢያ ድረስ በካፊያው ውስጥ ተደጋግፈው ሄዱ። ቱነልባናው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ባዶ ነበር። ባቡሩ ቮርቢ ጎርድ ደርሶ በሩ ሲከፈት ካሳዬ ብድግ አለ፣ ትዝ ሲለው መልሶ ተቀመጠ፤ በሩም ተዘጋ። ወዲያው የደምመላሽ ስልክ ጮኸ። ካሳዬ ስሙን አነበበው።

"የት ደረሳችሁ?" አሉ ጋሽ ዕንባቆም።

"ቮርቢ ጎርድን አልፈናል፣ ጋሼ። ወደ አርላንዳ እየሄድን ነው። ነግሬዋለሁ።"

"አለቀሰ?"

"እያለቀሰ ነው።"

"አንተ ማን ስለሆንክ ነው?" አሉ ጋሽ ዕንባቆም። ድምፃቸው ከቁጣው ይልቅ ሐዘኑ ይበዛል። "ያን ሁሉ ሰው ጠርቼ... ነገ ምን ብዬ ልመልሰው?"

"ነገ ከሚመጣ ዛሬ አርላንዳ ይምጣልን፣ ጋሼ። እባክዎ። ሳያለቅሱለት አይሂድ።"

ደምመላሽ ስልኩን ከጆሮው አውርዶ አየው።

"ምን አሉ?" አለ ካሳዬ።

"ይመጣሉ" ሊለው ነበር፤ አፉ ላይ ደርሶለት ነበር።

"ዘጉብኝ" አለው።